የሉባባን ፊልም ይዤ ወደ አምባሰል

ከወሎ ከተመለስኩ አሥራ ሁለት ቀን ሆነኝ። ሐዋሳ ያሉ ወዳጆቼ መንገድ ላይ እያስቆሙ «ሐይቅ እስጢፋኖስ ገባህ? ግሸንን ወጣህ?» ይሉኛል። ግሸንን በሩቁ እንኳ አላየሁም። የሐይቅን ሐይቅ ያየሁት ደግሞ አሳ እየበላሁ ነው። ስለሚያምር ቦታ ማንበብ የሚሻ ሌላ ጸሐፊ ይፈልግ። እኔ የምተርከው አሥራ አራት ደቂቃ ስለምትፈጅ አንዲት ፊልምና እሷን ለአንዲት እናት ለማሳየት ስለተጓዝኩባቸው አራት ቀናት ነው።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። መስፍን እባላለሁ፤ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። ከዚያ በፊት ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ስድሳ ሰው በጣውላ አግዳሚ ላይ ደርድሬ የሕንድ ፊልም አሳይ ነበር፤ ማይክሮፎን ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ የምተረጉመውም እኔው ነበርኩ። ሕንድኛ አንዲት ቃል አላውቅም። የተዋናዩን ፊት አይና «ወንድሜ ሆይ፣ አባታችንን የገደለው አጎትህ ነው» እላለሁ፤ ሕዝቡ ያለቅሳል። በማግስቱ ያው ፊልም ሲታይ አጎትየው ንጹሕ ሰው ሆኖ ገዳዩ እንጀራ አባት ይሆናል። የጠየቀኝ ሰው የለም። በዚያ ዘመን ቪዲዮ ቤት የነበረው ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ በኔ ብቻ አትፍረዱ።

ይህን ጉዴን ከሚያውቁት አንዱ ጀማል ነው። ሱቃችን በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል፤ እሱ ጨርቅ ይሸጣል። የአምባሰል ሰው ነው፤ ሐዋሳ ሃያ ዓመት ኖሮ አነጋገሩ አሁንም ወሎን አልለቀቀም። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ ገባና «ይቺን እያት» አለኝ። ሦስት ደቂቃ የምትሆን ቁራጭ ናት። አንዲት የኛ አገር ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ ልብስ የለበሰች፣ አንድ ረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ካለ በር ፊት ቆማ ትንቀጠቀጣለች። አንዲት አሮጊት ከኋላዋ በማናውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ትላለች። ልጅቷ በሩን ከፍታ ትገባለች። በሩ ይዘጋል። ከዚያ በሩ ብቻ ነው የሚታየው፤ ልጅቷ አትወጣም።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለኝ ጀማል። «ሉባባ ናት።»

ሉባባ ዓረብ አገር ከሄደች አምስት ዓመቷ ነው። ድምጿ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፏል። ይቺ ቁራጭ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈች አምባሰል ደርሳ እናቲቱ፣ እትዬ መዲና፣ እጅ ገብታለች። እትዬ መዲናም «ልጄን ሲገድሏት ቀርጸው ነው የላኩልኝ» ብለው እህል ውሃ ትተዋል። ከረመዳን በፊት ሐዘን እቀመጣለሁ፣ ሰደቃዋንም አወጣለሁ ብለዋል።

«በቁም ያለች ልጅ ሊለቀስላት ነው መስፍኔ» አለኝ። «ፊልሙ ሙሉው ሐይቅ ከተማ አለ። ሰዓዳ የምትባል ከቤሩት የተመለሰች ልጅ አላት። አንተ የሙያው ሰው ነህ፤ ሄደህ ድራማ መሆኑን አስረዳልኝ። ካልሆነም…»

«ካልሆነም ምን?»

«እንደ ድሮህ ተርጉምላት። አሮጊቷ ምን እንዳለች አንተ ታውቃለህ። አይዞሽ ብላታለች።»

ይህን ሲለኝ ዓይኑን ሸሸ አደረገ። እኔም እሄዳለሁ ብቻ አልኩት። ግን ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ድሮ የምተረጉምበት ድምፅ ጉሮሮዬ ውስጥ ሲሞቅ ተሰማኝ፤ አልዋሽም።

ሰኞ ከሐዋሳ ወጣን። እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ማንም ያውቀዋልና ልለፈው። የኔ ሞኝነት ብቻ ይጻፍ፤ ያደርንበት አልጋ ቤት የኮምፒውተሬን ቻርጀር ሶኬት ላይ ሰክቼው ወጣሁ። ያወቅኩት ደብረ ብርሃን ስንደርስ ነው። ጀማል ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ሙሉ ቀን አውቶቡስ ላይ ነው። እኛ ሐዋሳዎች መንገድ ማለት ሜዳ ይመስለናል። ደብረ ሲና ላይ ዋሻውን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ መስኮቱን እንደ ግድግዳ ሸፈነው፤ ሹፌሩ ግን እንደ ምሳ ሰዓት ወሬ ዘና ብሎ ይነዳል። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ቤቴን አስታወሰኝና ጥቂት ተጽናናሁ። ከኮምቦልቻ በኋላ የሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት መጣና መጽናናቴን መልሶ ወሰደው። ሹፌሩ አንድ የመሰንቆ ዘፈን ከፍቶ ነበር፤ በአምባሰል ቅኝት። እኛ ጋ ይህ ቅኝት ሲመታ ጠጪ ሁሉ አንገቱን ይደፋል። «ተራራውም እንዲህ ያሳዝናል?» አልኩት ጀማልን። «ተራራው ምን ያውቃል፣ የሚያዝነው ሰው ነው» አለኝና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከኋላችን የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች በዝግታ ያወራሉ። አንዱ በድንገት ያቺን የአሮጊቷን ንግግር አላት። ሦስት ቃል ናት፤ የመጨረሻዋ ወደ ላይ ትነሣለች። ዞር ብዬ «ምን ማለት ነው?» አልኩት። «እኔ ምን አውቄ። ቪዲዮው ላይ አለች። ማታ ማታ እህቶቼን አስፈራራባታለሁ» ብሎ ሳቀ። ጀማል ጆሮውን በጋቢው ሸፈነ።

ደሴ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሐዋሳ በዚያ ሰዓት ሰው ሐይቅ ዳር በቲሸርት ይንሸራሸራል፤ እኔ ደሴ ላይ በሁለት ብርድ ልብስ ሥር ጥርሴ ይንገጫገጫል። የአልጋ ቤቷ ባለቤት አይታኝ አዘነችና የራሷን ጋቢ ደረበችልኝ። «የደቡብ ሰው እንዲህ ነው፤ አብሽር፣ ትለምደዋለህ» አለችኝ። ለአንድ ሌሊት ምን እለምዳለሁ፤ ጋቢው ግን አሞቀኝ።

ረቡዕ ጠዋት በሚኒባስ ሐይቅ ገባን። ከተማዋ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ናት፤ ሐይቁ ወደ ታች ወረድ ብሎ ነው። ስለ ሐይቅ ለሐዋሳ ሰው ማውራት ይከብዳል፤ ሁላችንም የራሳችን ይበልጥብናል። የኛው ሐይቅ ጫጫታ አለው፤ ጀልባ፣ ልጆች፣ አባ ኮዳ የምንለው ትልቅ ወፍ፣ አሳ የሚያራግፉ ሰዎች። የነሱ ዝም ብሎ ተኝቷል። ለረጅም ጊዜ ሳየው ደስ አላለኝም። አሳው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከኛው ቆሮሶ አያንስም።

ሰዓዳ ሽቶና አባያ የምትሸጥ የሰላሳ ዓመት ገደማ ሴት ናት። ከሱቋ ጀርባ ባለች ክፍል ተቀበለችን። ቻርጀር ረስቼ መምጣቴን ስትሰማ ሱቋን ዘግታ ወጣች፤ የማላውቃት ሴት ለኔ ስትል ሐይቅን ከዳር እስከ ዳር ዞራ ከአንድ ፎቶ ቤት የሚሆን ቻርጀር ተውሳ መጣች። ከዚያ ሩዝ በዶሮ አቀረበች። «በቃኝ» ብል «አፈር ስሆን፣ እቺን ብቻ» እያለች ሦስት ጊዜ ጨመረችልኝ።

ከምሳ በኋላ መጋረጃውን ዘጋችና ፊልሟን ከፈተች። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ውጪ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። እንዲያም ሆኖ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ቤት አለ። አሮጊቷ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናት። ሉባባ በየቀኑ ምግብ በሰሐን አድርጋ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ወዳለው በር ትወስዳለች፤ ታንኳኳለች፤ በሩ አንድ ስንዝር ይከፈታል፤ እጅ ይወጣል፤ ሰሐኑን ይወስዳል። የማን እጅ እንደሆነ አይታይም። በየቀኑ አሮጊቷ ያቺኑ ሦስት ቃል ከኋላዋ ትናገራለች። አንድ ቀን ሰሐኑ ሳይነካ ተመልሶ በር ላይ ይገኛል። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ሉባባ ትገባለች። በሩ ይዘጋል፤ ሰሐን ሲሰበር ይሰማል፤ ከዚያ ዝም። ካሜራው ከዚያ በር ላይ አይነሣም። እኔ ሰርግ ሳቀናብር አንድን ነገር ከአምስት ሴኮንድ በላይ ካቆየሁ ደንበኛ ይቆጣኛል። ይህን ፊልም የሠራው ሰውዬ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ የተዘጋ በር አሳየኝ፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ አየሁለት። በመጨረሻ አሮጊቷ ከተሽከርካሪ ወንበሯ ብድግ ትላለች። ቀስ ብላ በእግሯ ትሄዳለች፤ ወጥ ቤት ገብታ ሉባባ ትቀመጥበት የነበረው በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። አለቀ። ከዚያ ጥቁር ላይ ጽሑፍ ይመጣል።

ጽሑፉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ዓረብኛ አይደለም፤ ሰዓዳ ዓረብኛ ታነባለች። ንግግሩም ዓረብኛ አይደለም። ፊደሉ የኛን ፊደል ይመስላል። ዓይኔ «ሀ» አየሁ፣ «ሰ» አየሁ ይላል፤ ላነብ ስል ይጠፋብኛል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በሕልሜ ደብዳቤ የማነብ መሰለኝ።

«የሠራው ሰው ጎበዝ ነው» አልኩ፤ ቅናት ቢጤም ያዘኝ። «ግን ቋንቋውን ባውቅ ኖሮ የበለጠ ይገባኝ ነበር።»

«አይ ጋሼ» አለች ሰዓዳ። «ብታውቀው ይበላሻል። እኔ ቤሩት እንደገባሁ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች ልክ እንዲህ ነበሩ። እመቤቲቱ ትናገራለች። ክፈቺ ትበል ዝጊ አላውቅም። ቅንድቧን ነው የማየው። ስህተት ከሆነ ጥፊ ነው። ይቺ ልጅ እዚህ ውስጥ አሮጊቷ ያለችውን አታውቅም፤ እኛም አናውቅም። ለዚህ ነው የሚያስፈራው። ለኛ ለሠራተኞቹ የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ልጆቹ እርስ በርስ የሚቀባበሉትም ለዚህ ነው።»

ሃያ ዓመት ፊልም ስቆርጥና ስቀጥል ኖሬ ይህ አልታየኝም ነበር። ሰዓዳ ስለ ሉባባ ግን የምታውቀው ነገር የለም። ፊልሙን ከሌላ ልጅ፣ ያቺም ከሌላ ልጅ ነው ያገኘችው፤ መቼ እንደተሠራም የሚያውቅ የለም። «አሮጊቷ ግን» አለች፣ «ክፈቺው ነው የምትላት። ቅንድቧ ይናገራል።»

ጽሑፉ ስላስጨነቀኝ ጀማልንና ሰዓዳን ጎትቼ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወረድን። የድሮ ፊደል ያውቃሉ የተባሉ አንድ መሪጌታ እዚያ ቅኔ ያስተምራሉ። ሴት ስለማይገባ ሰዓዳ ከውጪ ቀረች፤ መሪጌታም ስለ እሷ ሲሉ ከደጁ ውጪ ወዳለው ዛፍ መጡልን። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ዛፍ ሥር ኮምፒውተር ላይ አቀርቅረን አየን። እኛ ጋ ቢሆን ሰው ተሰብስቦ ምንድን ነው ይለን ነበር፤ እዚያ የሚያልፈው ሁሉ ሰላም ብሎን ያልፋል።

መሪጌታ ፊደሉን ረጅም ጊዜ አዩት። «ዘመድ ይመስላል» አሉ፤ «ቤተሰብነቱን አያለሁ፤ ስሙን ግን አላውቀውም።» ከዚያ ፊልሙን ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር ያዳመጡት፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር።

«ሴትዮዋ ያንኑ ቃል ሰባት ጊዜ አለችው» አሉ ሲያልቅ። «ሰባቱም ጊዜ ዜማው ሌላ ነው። ሲጀመር በግዕዝ ዜማ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ትእዛዝ ነው። መካከል ላይ ዕዝል ሆነ፣ ከበደ። የመጨረሻው አራራይ ነው፤ ልመና ነው ልጄ። አትግቢ እያለቻት ነው።»

ሰዓዳ ክፈቺ ነው አለች፤ እሳቸው አትግቢ ነው አሉ። ጀማል በመንገዱ ሁሉ «አንተስ ምን ትላለህ?» እያለ ወጠረኝ። እኔ የምለው ቃል ነበረኝ። ሐዋሳ ሳለሁ ያዘጋጀሁት። አወጣው አወጣው እልና አፌ አልታዘዝ ይለኛል።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ውጫሌ ገባን፤ ሰዓዳም ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ ተከተለችን። ከመናኸሪያው የወሰደን የባጃጅ ሹፌር ስልኩ ጠራ። የስልኩ ጥሪ የአሮጊቷ ድምፅ ነው። ሦስቱ ቃላት፣ የመጨረሻዋ ወደ ላይ። ጀማል «ወንድሜ፣ እባክህ አንሳው» አለው። ሹፌሩ ግን እየነዳ ነበርና እስኪያቆም አምስት ጊዜ ጠራ፤ አምስቴ ሰማናት።

እዚያ ነው የኔ ጥፋት የተጀመረው። ጀማል እህቱ እንድታምን ብሎ ሁለት ሽማግሌዎች ውጫሌ ላይ ጠርቶ ነበር። መቼ እንሂድ ተባለ። መንደሩ በአምባሰል ተራራ ግርጌ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እኔ ለመመለሻዬ አውቶቡስ እያሰብኩ «በጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንነሣ» አልኩ። ሰዓዳ «ከሰዓት ቢሆን ይሻላል» አለች። «ለምን? ፀሐይ ሊመታን?» ብዬ ቀለድኩባት። እንግዳ ስለሆንኩ አልተከራከረችኝም፤ ሽማግሌዎቹም ይሁን አሉ። እንግዳን አለማስከፋት የሚሉት ነገር አንዳንዴ እንዴት ጉድ ያደርጋል።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ማሽላው ከሰው በላይ ቁመት አለው፤ መንገዷ በመሐሉ ናት። ጤዛው ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አረጠበው። ማንም አላወራም። ተራራው ከላያችን ጥቁር ሆኖ ቆሟል። መንደሩ ስንደርስ አንዲት ሴት እንስራ አዝላ ከምንጭ ስትመለስ አየን። እሷም አየችን። አምስት ሰው፣ ሁለቱ ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌዎች፣ በማለዳ፣ በሰልፍ፣ ዝም ብለን።

ሴትዮዋ እንስራውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መርዶ ነጋሪ መስለናል። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ተሰብስቦ። ሐዋሳም ይሁን ወሎ ያው ነው፤ እኔ ራሴ የአባቴን ሞት የተረዳሁት እንዲህ ነው። የት ሄጄ ረሳሁት?

ጀማል ወደ እህቱ ቤት ሮጠ። «እታለም! ደህና ነው፣ አልሞተችም!» ይላል። ማን ይስማው። ከማዶው ቤት አንዲት ሴት እሪ አለች፣ ከወዲያኛው ሌላዋ ተቀበለቻት። በሩብ ሰዓት ውስጥ መንገዱ ሁሉ ሰው ሆነ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ሰሌን ይዘው መጡ። አንዷ ለንፍሮ ድስት ጣደች። አንድ አዛውንት እጄን ይዘው «አላህ ያጽናችሁ» አሉኝ፤ እኔም ከልማድ «አሜን» አልኳቸው። ሰዓዳ ሰማችኝና በዓይኗ ገላመጠችኝ። «ከሰዓት ብዬህ ነበር ጋሼ» ብቻ አለች። ከዚያ በላይ ብትናገረኝም የሚገባኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሰዉን ዝም ለማሰኘት ብዙ ደከሙ። «መርዶ አይደለም፤ የምናሳያችሁ ነገር አለ» ተባለ። ስለዚህ ፊልሙ የታየው ለቀስተኛ በሞላበት ቤት ነው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንን። ኮምፒውተሩን የእህል ጎታ ላይ አስቀመጥኩ። ሃምሳ ሰው ገብቷል፤ የቀረው በር ላይ ተደራርቧል። እትዬ መዲና ከፊት፣ መሬት ላይ፣ ከስክሪኑ አንድ ክንድ ብቻ ርቀው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ከስቶ ዓይን ብቻ ሆኗል። ጀማል ከጎኔ ቆሞ ክርኔን ጨበጠ። ከኔ ምን እንደሚጠብቅ ገባኝ።

አስጀመርኩት። ሉባባ በሰሐን ምግብ ይዛ ወጣች። አሮጊቷ ቃሏን ተናገረች። ያ የድሮ ድምፄም ወጣ። «ልጄ ሆይ፣ አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ ትላታለች…»

«ዝም በል ወንድሜ» አሉ እትዬ መዲና፣ ሳይዞሩ። በክፉ አይደለም ያሉኝ። «ልጄን ልያት።»

እፍረቴን እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ከእፍረቴ የባሰ ነበር። አሮጊቷ ለሁለተኛ ጊዜ ስትናገር በር ላይ ያሉት ሕፃናት አብረዋት አሉት። በሦስተኛው ወጣቶቹ ተጨመሩ። በአራተኛው ቤቱ ሁሉ፣ ሴት ወንዱ፣ ከዱዓ በኋላ አሚን እንደሚባለው በዝግታ፣ የማያውቁትን ቃል ተናገሩት። በስልክ ሰምተው ሰምተው አፋቸው ለምዶታል። ማንም ሆነ ብሎ አላደረገውም። ሰዓዳ እጄን ያዘች።

በሩ ተዘጋ። ሰሐኑ ተሰበረ። ያ ረጅም ዝምታ መጣ። ቤት ሙሉ ሰው አንድ በር ላይ አፈጠጠ። እኔ ደጋግሜ አይቼው፣ መቼ እንደሚያልቅ በሴኮንድ እያወቅሁ፣ እሷ ብትወጣስ ብዬ ጠበቅሁ።

አለቀ። ብርድ ልብሱን ገለጡት። ስለ ካሜራው፣ ስለ መብራቱ፣ በሩ ሲዘጋ የተቀጠለ ቦታ ስለመኖሩ ላስረዳ አፌን ስከፍት እትዬ መዲና «በሩ ጋ የቆመችበትን መልሰው» አሉ።

መለስኩት። ሉባባ በሩ ፊት ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። እንባዋ ይወርዳል። እጇ ደረቷ ላይ ነው። እትዬ መዲና በጣታቸው የልጃቸውን ፊት ስክሪኑ ላይ ነኩት።

«ይቺ አልፈራችም» አሉ።

«እንዴት እታለም?» አለ ጀማል።

«ሉባባ ስትፈራ አታለቅስም። ትስቃለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲያ ነች። ጅብ ግቢ የገባ ጊዜ ስትንከተከት ነው ያደረችው። ቁርአን የሚያስቀሯት ሸህ አለንጋ ሲያነሡ ትስቅና በሳቋ ሌላ ትገረፍ ነበር። እዚህ እንባ አለ፤ ሳቅ የለም። አስመስላ ነው። ወላሂ አስመስላ ነው።»

ቤቱ ተነፈሰ። ከየአቅጣጫው አልሐምዱሊላህ ተባለ። ጀማል ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። አንዷ ጎረቤት «እንዴት አድርጋ ነው ግን ያስመሰለችው፣ እኔን እኮ ነፍሴን አወጣችው» አለች፤ እትዬ መዲናም ፈገግ አሉ፤ ኮሩ። የንፍሮው ድስት ይውረድ ተባለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ሊሄዱ ተነሡ። እኔም ሐዋሳ ገብቼ የማወራውን ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«ጀማል» አሉ እትዬ መዲና። ፈገግታው ፊታቸው ላይ እንዳለ ነው፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ቦታ ሄዷል።

«አቤት እታለም።»

«መጨረሻ የደወለች ጊዜ ስትስቅ ነበር።»

ጀማል አጠገባቸው ተቀመጠ።

«‹እማ፣ ልምጣ እንዴ?› ትለኛለች፣ ትስቃለች። ‹በቃኝ፣ ልምጣ› ትላለች፣ ትስቃለች። ደስ ብሏት መስሎኝ… ‹ቤቱን ቆርቆሮ ሳታለብሺው ወዴት ትመጫለሽ› ብዬ እኔም አብሬያት ሳቅሁ።»

በር ላይ የደረሱት ሴቶች ቆሙ። ማንም ማንንም አላየም። ከዚያ አንዷ ነጠላዋን መልሳ አዘቀዘቀችና ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተመልሰው አጠገቧ ተቀመጡ።